ሦስት በር ያለው ክፍል

በዚያ ቤት መጨረሻ የምትተኛውም መጀመሪያ የምትነሳውም እታለም ነበረች። ነገሩ የትጋት አይደለም፣ የቦታ ነው። መኝታዋ ሳሎን ውስጥ ያለው ረጅሙ ሶፋ ነበር። ሶፋ ላይ የሚተኛ ሰው ደግሞ የተቀመጠው እስኪነሳለት መጠበቅ ግዴታው ነው። ወንድሟ ኳስ ሲያይ ኳሱ እስኪያልቅ፣ ሚስቱ ድራማ ስታይ ድራማው እስኪያልቅ፣ ጎረቤት ወሬ ይዞ ሲመጣ ወሬው እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ ወሬ ደግሞ እንደ ኳስ ፊሽካ የሚነፋለት ዳኛ የለውም። እሷ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ አገጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ፣ አንዳንዴም ዓይኗን እንደገለጠች ታንቀላፋለች።

«እታለም፣ እንቅልፍ መጣ እንዴ?» ይሏታል።

«ኧረ አልመጣም፣ ተጫወቱ» ትላለች።

እታለም የወጣላት ስም አይደለም። ታናናሾቿ አፋቸውን ሲፈቱ እንደዚያ ጠሯትና በዚያው ቀረ። ዛሬ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ በዕድሜ የሚበልጧትም፣ የወለደቻት እናቷም ሳትቀር እታለም ነው የሚሏት። አባቷ ያረፈው እሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። ደብተሯን አስቀምጣ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ «ለጊዜው ነው» ተብሎ። ታናሽ እህቷ ተምራ፣ አግብታ፣ ሌላ ከተማ ሄደች። ታናሽ ወንድሟ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር ሆነ፤ ሲያገባም ሚስቱን እዚያው ቤት አመጣ። እታለም ለሙሽሮቹ ክፍሏን ለቃ ወደ ሳሎን ወጣች። እሱም «ለጊዜው ነው» ተብሎ ነበር። በመሀል አንድ ሰው ጠይቋት ያውቃል፤ የሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ ሰው። «ወንድሜ ትምህርቱን ይጨርስና» አለችው። ሰውየው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ መጠበቁን ተወው። አልተጣሉም። አሁንም ማጠቢያው ክፍል መብራት ሲበላሽ መጥቶ ያበራላቸዋል፣ የልጆቹን ደህንነት ትጠይቀዋለች።

ሥራዋ አንሶላ ነው። ከማሽን የሚወጣ እርጥብ አንሶላ ራሱን የሳተ ሰው ያህል ይከብዳል። እየጎተቱ ማውጣት፣ ማራገፍ፣ ማድረቂያ ውስጥ መክተት፣ መተኮስ፣ አጥፎ መደርደር። ወገቧ ከሃያ ዓመት በላይ እንደዚያ ጎንበስ ቀና ሲል ኖሮ አሁን ጎንበስ ማለቱን ብቻ ነው የሚወደው። አብራት የምትሠራው ሴት ትቀልድባታለች፦ «አንቺ፣ የዚህን ሁሉ ሰው አልጋ ከምታሰናጂ አንዱ ላይ ወጥተሽ ታመምኩ ብትይ ምን ነበረበት?»

የክፍሉ ነገር የተነሳው አንድ ምሽት እንግዶች ባሉበት ከበርጩማዋ ላይ የወደቀች ጊዜ ነው። ሻይ በእጇ እንደያዘች፣ ምንም ሳትል፣ እንደ ጆንያ ወደ ጎን ዘመም ብላ ወደቀች። ብርጭቆው አልተሰበረም፤ እሷም ምንም አልሆነችም። እንግዶቹ ግን «በሉ እንግዲህ፣ መሽቷል» ብለው ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያስሩ ወጡ።

እናትየው ያን ማታ «ለዚች ልጅ አንድ ክፍል እንቀጥልላት» አለች። ልጅቱ አርባን ከተሻገረች ቆይታለች።

ወንድሟ «እውነት ነው» አለ።

ሚስቱም «እኔማ ስንቴ በልቤ አስቤዋለሁ» አለች።

እታለም ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠቻትን አወጣች፤ ወንድሟም የቻለውን ጨመረበት። ቦታው ከጓሮ ነው፤ የእናትየው መኝታ ክፍልና ወጥ ቤቱ ማዕዘን ሠርተው የሚገናኙበት ባዶ ጥግ። ሁለቱ ግድግዳ ዱሮውንም አለ፤ ሁለት ግድግዳ መጨመርና ጣራ መክደን ብቻ ነው። ግንበኛ ተጠርቶ መጣ።

ግንበኛው ሌላ ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «ጋሽ ይሁን» ነው የሚለው፣ ምን ቢሉት «ይሁን» ስለሚል። መስመር የማይስት፣ ብሎኬቱ እንደ ጥርስ የሚገጥም፣ ሲሚንቶ የማይሰርቅ ሰው ነው። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፦ የሰው ፊት ሲጨልም ማየት አይችልም። ስለዚህ ማንንም «አይሆንም» ብሎ አያውቅም።

የዚያ ቤት ሰው ደግሞ የራሱ ዓመል አለው፤ የፈለገውን ነገር ለሚመለከተው ሰው አይናገርም። እናትየው ሲበርዳት «መስኮቱን ዝጉልኝ» አትልም። ለመጣው እንግዳ «የዘንድሮ ብርድ አይጣል ነው» ትላለች፤ እንግዳው ተነስቶ ይዘጋል። ወንድምየው ራት ሲዘገይበት ለጓደኛው ስልክ ደውሎ «ሆዴና ጀርባዬ ተጣበቁ» ይላል፤ ድምፁን ወደ ወጥ ቤቱ አቅጣጫ ከፍ አድርጎ። ሚስቱም ገና ሙሽራ ሳለች ትምህርቱን ቶሎ ቀሰመች። እታለም ከሁሉም ትብሳለች፤ እሷ ለእንግዳም አትናገርም።

ጋሽ ይሁን መጀመሪያ መሬቱን ጠራርጎ በኖራ መስመር አሰመረ። በማግስቱ እሁድ ነበር። የቤቱ ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ሲወጣ እታለም «ልብስ አለብኝ» ብላ ቀረች። ጓሮ ወጥታ ኖራውን እንዳትረግጥ ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረችና መሀል ላይ ቆመች። ትንሽ ነው። ትንሽ ይሁን። አልጋው በወጥ ቤቱ ግድግዳ በኩል፤ የምድጃው ሙቀት ያልፋል። ራስጌው እዚያ፣ ግርጌው እዚህ። ወንበር አንድ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ይሰበሰባል። በሩ በግቢ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ጠበብ ያለ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ። ይህን ሁሉ ለማየት በመስመሮቹ መሀል ቁጢጥ አለች።

«እታለም!» አለች ጎረቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ ብላ። «ምን ጠፍቶሽ ነው?»

እታለም ደነገጠች። «ጉትቻ» አለች።

የጆሮዋ ቀዳዳ ከተደፈነ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቷ ግን ደግ ሴት ናት፤ ዞራ መጣችና ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ አፈሩን በጣታቸው እየበተኑ፣ የሌለ ጉትቻ ሲፈልጉ አረፈዱ።

«የወርቅ ነው?»

«ኧረ ተይው፣ አርቴፊሻል ነው» አለች እታለም። ወገቧ ሊበጠስ ደርሷል።

መሠረቱ ወጣ፤ ብሎኬቱ መደርደር ጀመረ። አንድ ጠዋት ሥራ ልትሄድ ስትል ጋሽ ይሁን የሲሚንቶ ማንኪያውን እንደያዘ ጠራት።

«እታለም፣ በሩን በየት እናድርገው?»

ሁሉም ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጥጉ፣ ጥበቱ፣ አልጋው። «እንደተመቻችሁ» አለች።

«የለም፣ አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ! ታክሲ አለፈኝ» ብላ ወጣች።

ያን ቀን እሷ አንሶላ ስትጎትት እናትየው በትሯን ተደግፋ ጓሮ ብቅ አለች።

«ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ» አለችው ግንበኛውን። «ሌሊት ይሄ ሳል ሲያንቀኝ ማን ይደርስልኛል? ከኔ ክፍል ወደሷ አንዲት በር ብትከፍትልኝ።»

«ይሁን እማማ።»

«ለሷ አልነገርኳትም። እሷ ይቺን አትጠላም።»

ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ሚስት ለግንበኛው ሻይ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ወጥ ቤቱኮ ጠቦኛል። ዱቄቱ፣ ከሰሉ፣ የውሃ ጀሪካኑ፤ አንዱን ሳነሳ አንዱ ይወድቅብኛል። እታለም ቀን ቀን የለችም። ከወጥ ቤት በኩል በር ቢኖረኝ እኮ ዕቃዬን ጥግ ጥጉን ብቻ...»

«ይሁን የኔ ልጅ።»

ማታ ወንድሟ መኪናውን አቁሞ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መጣ። «ጋሼ፣ በግቢ በኩል በደንብ ሰፋ ያለ የላሜራ በር ግጠምበት። ነገ የእታለም ዕድል ቢወጣና ብትሄድ ለሱቅም ይሆናል፣ ለኪራይም ይሆናል። ሰው አርቆ ማሰብ አለበት።»

«ይሁን አባቴ» አለ ጋሽ ይሁን። ያን ማታ ሁሉንም አስደስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የአቧራ ጊዜ ነበር። ዝናብ ስለዛተ ሲሚንቶው ሳሎን ገባ፤ ሳሎን ውስጥም ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከሶፋው ግርጌ ተደረደረ። እታለም ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። ፀጉሯ ግራጫ ሆነ፤ የእውነቱ ሽበት ከሲሚንቶው መለየት አልቻለም። በዚህ ላይ ማጠቢያው ክፍል ካሉት ማሽኖች ትልቁ ተበላሸና የቀረውን በእጅ ማጠብ መጣ። ጨለማ ሳይገፈፍ ትወጣለች፣ ከጨለመ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ጓሮ ዞራ ለማየት አቅም የላትም፤ ብታይም አምፖል ገና አልተሰቀለም። «ጣራው ተመታ» ሲሏት «እሰይ» አለች። «ልስኑ አለቀ» ሲሏት «እሰይ» አለች። ጋሽ ይሁን ደግሞ የሚያውቀው አሠራር አንድ ነው፤ ነባሩን ግድግዳ የሚሰብረው ጣራው ከተከደነና አዲሱ ግንብ ከጠነከረ በኋላ ነው። ስለዚህ የእናትየው በርና የወጥ ቤቱ በር የተከፈቱት በመጨረሻው ዓርብ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ነው።

ቅዳሜ አልጋው መጣ። ሜትር ከሃያ፣ ራሷ አናጢ ቤት ሄዳ እንጨቱን በእጇ ዳብሳ ያሠራችው። ወንድሟ ባንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ተሸክመው በሰፊው የላሜራ በር ገቡ። በሩ ስፋቱ አልጋ ቀርቶ መኪና ያስገባል።

«የት እናድርገው?» አለ ወንድሟ እያለከለከ።

«በወጥ ቤቱ በኩል» አለችና ቀና አለች። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ መሀል ላይ በር አለ። በሩ ውስጥ የወንድሟ ሚስት ቆማለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«እንኳን ደስ ያለሽ እታለም!» አለች።

«በዚያ በኩል እናዙረው» አለች እታለም። ዞሩ። በዚያ በኩል የእናቷ ክፍል ነው፤ እዚያም በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ታያታለች። ሦስተኛው ግድግዳ የገቡበት የላሜራ በር ነው። አራተኛው ላይ መስኮቱ አለ፤ መስኮቱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ አልጋው ከሥሩ ቢገባ ራስጌው መዝጊያውን አያስከፍትም። ያም ቢሆን ይታገሡት ነበር፤ አልጋው ግን ከጥግ እስከ ጥግ ስለሚደርስ ጫፉ የእናትየውን በር ይዘጋል።

አልጋውን መሀል ላይ አስቀመጡት። እንደ ጠረጴዛ ቆመ።

«እንዲህም አይከፋም» አለ ወንድሟ ላቡን እየጠረገ። «በአራቱም በኩል አየር ያገኛል።»

«ይሄ ክፍል ነው ወይስ ማቋረጫ?» አለች እታለም። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

ያን ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ተናገረ። ሚስትየው «እኔ እኮ አንድ በር ብቻ ነው የጠየቅኩት፣ ሌሎቹን አላወቅኩም» አለች። ወንድምየው «እኔም አንድ ብቻ ነው፤ ላንቺው ብዬ» አለ። እናትየው ከአልጋዋ ጫፍ «የኔማ በር ናት? ቀዳዳ ናት» አለች። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እያንዳንዱ ክፍሉን የራሱ በር ብቻ ያለው አድርጎ ሲያየው ነበር የከረመው።

ጋሽ ይሁን የቀረውን አሸዋ ጓሮ ሲሰበስብ ነበርና ጠሩት። የግድግዳ ማቅኛ ቱንቢውን እንደያዘ መጥቶ ከአልጋው ዳር ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸው?» አለ ወንድሟ። «ሰው እንዴት ሦስት በር ያለው መኝታ ቤት ይሠራል?»

«አንዱ ያንተ ነው» አለ ግንበኛው። «አንዱ የሚስትህ፣ አንዱ የእናትህ። እኔ ሰው ያለኝን ነው የሠራሁት።»

«ቢያንስ አትነግረንም?»

«ተነጋግራችሁ መስሎኝ! ባንድ ሶፋ የምትቀመጡ ሰዎች አይደላችሁ እንዴ?» አለና ወደ እታለም ዞረ። «እታለም፣ አንቺንም ጠይቄሻለሁ። ታክሲ አለፈኝ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በሩ እዚህ ይሁን ብለሽኝ አታውቂም። አሁንም አልመሸም፤ በር መድፈን ቀላል ነው። የትኛውን?»

ሁሉም ዓይን እሷ ላይ አረፈ። «እናንተ እንዳላችሁ» የሚለው ቃል በለመደበት መንገድ መጣ፤ ጉሮሮዋ ድረስ ደረሰ። ወገቧ ግን የአልጋውን ክብደት ገና አልረሳም ነበር። ልትቀመጥ አልጋው ጫፍ ላይ አረፈች፤ ፍራሽ ስለሌለው ጣውላው ጮኸ። በሦስት በኩል በር፣ በሦስት በኩል ሰው። እዚያ ላይ ተኝታ የአንዱን ዱቄት፣ የሌላዋን ሳል፣ የነገውን ተከራይ እያሳለፈች የምትኖረው ኑሮ ከሳሎኑ የሚለየው በጣራው ብቻ መሆኑ ታያት። ድፍረት አይደለም ያናገራት። ለመስማማት የሚሆን ጉልበት አጣች።

«ደክሞኛል» አለች መጀመሪያ።

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ወንድሟ።

«አታውቁም። ጋሼ፣ የወጥ ቤቱን ድፈነው።»

ሚስትየው ከበሩ ወደኋላ አለች። «ይሁን» አለ ጋሽ ይሁን። «ሌላስ?»

«የእማዬንም።»

ግንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ «ይሁን» ሳይል ቀረ። ቱንቢውን ከእጅ ወደ እጁ እያቀያየረ ወደ እናትየው ተመለከተ።

«እማማ ምን ይላሉ?» አለ።

«እሳቸውን አትጠይቅ። የምተኛው እኔ ነኝ።»

«እኔ ሌሊት ብሞትስ?» አለች እናትየው ከዚያ ማዶ።

«ግድግዳውን ምቺው፣ እሰማለሁ። ዞሬ እመጣለሁ።»

«ተንቄ ነው እንጂ...»

«አልተናቅሽም እማዬ። በር እፈልጋለሁ፤ የምዘጋው። አንድ።»

ወንድሟ ነገሩን ሊያበርድ ሳቅ አለ። «የኔስ በር? እሱንም ድፈነው በይዋ!»

«ሦስቱንም ከደፈንኩትማ መቃብር ነው» አለ ጋሽ ይሁን። ማንም አልሳቀም። «ይሁን» አለና ብሎኬት ሊያመጣ ወጣ።

ድፈናው በማግስቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀዝቀዝ አለ። ሚስትየው ጀሪካኑን ስታነሳና ስታስቀምጥ ድሮ ያልነበረ ድምፅ ታሰማለች። እናትየው ለእታለም የሚነገር ነገር ሲኖራት ለምራቷ «ንገሪያት» ትላለች፤ እታለም ፊት ለፊቷ ተቀምጣ። ወንድምየው ብቻ አንድ ማታ መቀርቀሪያ ገዝቶ መጣና ከላሜራው በር ውስጠኛ ጎን አጠበቀላት። «ላልቷል እንዳትይኝ» አለ።

የማጠቢያው ማሽን ተጠግኖ የእረፍት ቀን ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት ነበር። ሁለቱ የተደፈኑ ቦታዎች ገና ስላልደረቁ ከሌላው ግድግዳ ጠቆር ብለው የበር ቅርጽ ይዘዋል። አልጋው በወጥ ቤቱ በኩል ገብቷል። እታለም በሩን ዘጋች፤ መቀርቀሪያውን ገፋች፤ ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። ዓይኗን ጨፍና ብዙም ሳትቆይ ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማች። ቀስ ያለ ነው፤ በኮቴዎቹ መሀል በትር አለ። ጠጠሩ ላይ ቆመ። ከዚያ የላሜራው በር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች እታለም።

በገዛ ቤቷ ማነው ተብላ የማታውቅ ሴት መልሱን እየፈለገች መሰለ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው።

ተነስታ ከፈተችላት። እናትየው ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ነጠላ ጫማዋ አሸዋ ይዟል። ጓሮውን ዞራ ከመጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት እታለም ማስታወስ አልቻለችም።

«ያ ሁሉ መንገድ!» አለች እናትየው። መንገዱ የቤቱን ጥግ መዞር ነው።

«ግቢ እማዬ።»

እናትየው አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ አልጋውን፣ ወንበሯን፣ ሻንጣዋን አየች። ዓይኗ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። የአልጋውን ልብስ አየች፤ ተጨማዷል።

«ልትተኚ ነበር?»

«የለም፣ ግቢ» ማለት ነበረባት። እንዲያ ነው የሚባለው።

«አዎ እማዬ» አለች እታለም። «ልተኛ ነበር።»

እናትየው በትሯን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «እንግዲያው ተኚ» አለች። «ሻይ ተፈልቶ ነበር፣ ልጠራሽ ነው። ይቀመጥልሻል።»

ዞረች። እታለም ክንዷን ልትደግፍ ግማሽ እርምጃ ተራምዳ ቆመች። እናትየው በአንድ እጇ አዲሱን ብሎኬት እየዳበሰች፣ በሌላው በትሯን እየተከለች፣ ጥጉ ጋ ደርሳ ተሰወረች። እታለም በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያውንም ገፋች፤ እናቷ እንዳትሰማው ቀስ አድርጋ፣ ጣቷን ከብረቱ ሥር አስገብታ።

ጋደም ብላ አዳመጠች። ኮቴው የፊት ለፊቱ በር እስኪደርስ ቆየ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ የሳሎኑ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እታለም የሰማችው ነገር የለም።